ፀሐይ ላይ የተሰጣው ባትሪ

በ፲፱፻፸፱ ዓመተ ምሕረት፣ በየካቲት ወር፣ አንድ ረቡዕ ቀን የመሠረተ ትምህርት ፈተና ልቆጣጠር ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ እወርድ ነበር። ቁልቁለቱ ጉልበቴን ስለጨረሰው ይህን ሥራ የሰጠኝን ሰው በሆዴ እየረገምኩ ነው የምሄደው። ድንገት ከኋላዬ «መምህር ዘርአ ዳዊት! ቀስ ይበሉ እንጂ፣ አብረን እንውረድ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ብል ዓወል ነው። በፊት እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነበር፤ በኋላ በጤና ረዳትነት ሰልጥኖ የአልዩ አምባን ክሊኒክ ይዟል። በትከሻው አንድ ሰማያዊ ሳጥን አንግቷል።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው? ለአማቶችህ የምትወስደው ጥሎሽ ነው?» አልኩት።

«ምነው ጥሎሽ በሆነ! የኩፍኝ ክትባት ነው። ከታች ቆላው ውስጥ ኩፍኝ ገብቷል። እናቶቹን የጠራኋቸው ለዓርብ፣ ገበያ ሲወጡ እንዲመጡ ነው። ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ግን ከነገ ማታ አያልፍም። ከዚያ በፊት ክሊኒኩ ፍሪጅ ውስጥ ካልገባ ዓርብ ልጆቹን የምወጋቸው ውኃ ነው ማለት ነው።»

ፍሪጁ በላምባ የሚሠራ አልነበረም። ጣሪያው ላይ በተሰቀለ የፀሐይ ሰሌዳ የሚሠራ አዲስ ዓይነት ነው። ሰሌዳው ቀን ከፀሐይ የሚያወጣው ኤሌክትሪክ የከባድ መኪና ባትሪ በሚመስል ትልቅ ባትሪ ውስጥ ይጠራቀምና ሌሊቱንና የጉሙን ቀን ይሻገራል። ዓወል ሳይኖር የክሊኒኩ ቁልፍ የሚቀመጠው የጤና ኮሚቴው ሊቀ መንበር በሆኑት በሐጂ ሸሪፍ እጅ ነበር። ሐጂ ታማኝ ናቸው፣ ደግ ናቸው፣ ግትርም ናቸው።

ከቀትር በኋላ ደረስን። ሦስት ቀን ሙሉ አገሩን ሸፍኖት የነበረው ጉም ተገፍፎ ፀሐይዋ ቦግ ብላለች። ሐጂ ክሊኒኩ ደጅ ላይ አጎዛቸውን አንጥፈው በከዘራቸው ዶሮ ያባርራሉ። ከፊታቸው ማዳበሪያ ላይ ያ ትልቅ ባትሪ ተሰጥቷል! አጠገቡ የእጅ መብራታቸው ባትሪ ድንጋዮች ተደርድረዋል።

«ዓወል፣ መጣህልኝ? አብሽር!» አሉ ደስ ብሏቸው። «ያ የፍሪጁ ቀይ መብራት ቢበራብኝ ሽቦውን ፈትቼ አወጣሁትና አሰጣሁት። ከጧት ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ ነው የዋለ። ላገላብጠውም ነበር፣ ከበደኝ እንጂ።»

«አልሐምዱሊላህ እንኳን ከበደዎት! ቢገለብጡት ውስጡ ያለው አሲድ እግርዎን ያቃጥልዎት ነበር!» አለ ዓወል፤ ሳጥኑን አውርዶ ወደ ባትሪው ሮጠ።

እዚህ ላይ አንባቢዬ በሐጂ እንዳይስቅ። የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥቶ ለአንድ ማታ ዜና የማያተርፍ ሰው አገራችን ውስጥ የት አለ? ሐጂ ያደረጉት ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩትን ነው። ጥፋቱ ትንሹንም ትልቁንም ባትሪ አንድ ማድረጋቸው ላይ ነበር።

ባትሪውን ሁለት ሆነን ተሸክመን አስገባነው፤ ዓወል ሽቦውን ካሰረ በኋላ የባትሪውን ኃይል የሚያሳየውን ጠቋሚ አየው። ቀስቱ ቀዩ ላይ ተጋድሟል።

«ሐጂ፣» አለ ድምፁን ለማለዘብ እየታገለ፣ «ይኼ ባትሪ እንደ ባትሪ ድንጋይ በገላው ፀሐይ አይጠጣም። ጎተራ ማለት ነው። አጫጁ ጣሪያው ላይ ያለው ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ከጧት ጀምሮ ሲያጭድ ዋለ፤ ጎተራው ግን ደጅ ተሰጥቶ ዶሮ ይጠበቅበታል። ከሦስት ቀን በኋላ የወጣች ፀሐይ እንዲሁ ባከነች።»

ሐጂ ደነገጡ፤ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ቀዩ መብራት የበራው እኔ ሳልነካው ነው። በጉሙ ነው» አሉ።

«ጉም ብቻውን እስከዚህ አያወርደውም። ማታ ማታ ምን ይሠራበታል?»

«ምን ይሠራበታል? ሰው ይመጣል። ልጆች ያጠናሉ፣ ሽማግሌው ሬዲዮ ይሰማል። ጎረቤቴ ብርሃን ለምኖኝ እምቢ ልበል? ሸሪፍ ንፉግ ሆነ ልባል?»

እዚህ ላይ እኔ ጣልቃ ገባሁ። «ሐጂ፣ ጉድጓድዎ ውስጥ ለዘር ያስቀመጡትን ማሽላ ጎረቤት ቢለምንዎት ይሰጡታል?»

«ዘሩንማ ማን ይነካዋል! ከሚበላው እሰጠዋለሁ እንጂ።»

«የዚህም ባትሪ የታችኛው ግማሽ ዘር ነው፣» አለ ዓወል ቃሌን ነጥቆ። «ላዩን ለቀቅ እያደረጉ ይጠቀሙበታል፤ ከግማሽ በታች ሲወርድ ግን ዕድሜው ያጥራል፣ ጉም ሲመጣም ፍሪጁን የሚያሻግር አቅም አይኖረውም። በየማታው የሰጡት ዘሩን ነው።»

ሐጂ ጢማቸውን ያዙ። ከዚያ ከዘራቸውን መሬት ላይ መታ አደረጉና ተነሱበት። «እንግዲያው ይኼ ነገር ለእኛ አይሆንም ብዬ አልነበረም? የሀብታም አገር ዕቃ ነው። ላምባ ግን በበቅሎ ይመጣል፣ እናውቀዋለን፣ ጉም አይፈራም!»

«ሰሌዳውስ፣» አለ ዓወል፣ «በየዓመቱ እየረከሰ ነው የሚሄደው። የዛሬ ዐሥር ዓመት ዋጋው የአሁኑን ብዙ እጥፍ ነበር። የላምባ ዋጋ ግን ሲወርድ አይተው ያውቃሉ?»

«ሰሌዳው ይርከስ። ይኼስ ሳጥን?» ሐጂ ባትሪውን በከዘራቸው አመለከቱ። «ይኼ በጥቂት ዓመት ይሞታል ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። እሱስ ረክሷል?»

«እሱ እንደ ሰሌዳው አልረከሰም።»

«ታዲያ ረከሰ የምትለኝ ምኑ ነው?»

ወዳጄ ዓወል፣ ተረታህ አልኩ በልቤ። ልጁ ግን አልሸሸም፤ ይህ ነው ያኮራኝ። «ልክ ብለዋል ሐጂ። ፀሐይን መያዝ እየቀለለ ነው፤ ማቆየቷ ነው ያስቸገረው። በሠለጠነው ዓለም ያሉ ሊቃውንትም ገና እየታገሉት ነው። እነሱ እስኪያቀሉት ድረስ እኛ ማድረግ የምንችለው ያለንን ባትሪ ዕድሜ ማርዘም ነው። ለላምባና ለበቅሎ ይወጣ የነበረውን የገበሬ ማኅበሩ ቢያስቀምጠው፣ ይኼ ሲያረጅ ሌላ ይገዛል። ደግሞ ላምባ ጉም አይፈራም አሉ። ዝናብስ አይፈራም?»

ዓወል ትንሽ አመነታና ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠለ። «ይቅር ይበሉኝ። ካቻምና ክረምት መንገዱ ሲቆረጥ በቅሎዎቹ ላምባ ይዘው መውረድ አቅቷቸው፣ የድሮው ፍሪጅ ጠፍቶ ክትባቱ ተበላሸ። በዚያው ሰሞን ነው ዘይኑ...»

መጨረስ አላስፈለገውም። ዘይኑልአቢዲን የሐጂ የልጅ ልጅ ነበር፤ በኩፍኝ ነው የሞተው። እህቱ ሰሊሃ ገና ያልተከተበች ሕፃን ናት፤ ዓርብ ከሚመጡት ልጆች አንዷ እሷ ነበረች። የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። ዓወል ጨከነባቸው ብዬ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን መናገሩ ይገባው ነበር።

«ያ ረሕማን!» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ምን ይደረግ? እሱን ንገረኝ።»

«ዛሬና ነገ መብራትም ሬዲዮም የለም። ፀሐይ ከወጣች ደግሞ እያንዳንዷ ጮራ ታስፈልገናለች።» ዓወል ይህን ብሎ ደጅ ወጣና ወደ ጣሪያው ቀና ብሎ አየ፤ እኔም ዓይኑን ተከተልኩ። ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ክሊኒኩ አጠገብ የቆመው የዋንዛ ዛፍ ጥላ ግን የሰሌዳውን ግማሽ ሸፍኖታል። ዋንዛው የሐጂ አባት የተከሉት ነው። የአገሩ ሽምግልና የሚቀመጠው እሱ ሥር ነው፤ ዓወልም ወራት ሙሉ ቅርንጫፉ ይመልመል እያለ ሲለምን ሐጂ «አባቴን ቁረጥ በለኝ!» ይሉት ነበር።

ሐጂ ዋንዛውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ወደ ቤታቸው ሄደው ሁለት ልጆቻቸውንና መጥረቢያ ይዘው ተመለሱ። «በዚህ በኩል ያለውን በሙሉ አውርዱት» አሏቸው። የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሲወድቅ ፊታቸውን አዞሩ፤ ግን እስኪጨርሱ ድረስ ከዚያ አልተነቃነቁም። ማታ ሬዲዮ ሊሰማ የመጣውንም ሰው በሩ ላይ ቆመው መለሱት።

ሐሙስ ጧት ስነሳ ወዲያ ማዶ እንኳ አይታይም፣ ጉም! ዓወል ፊቱ ገረጣ። ሐጂ ከሶላት ወጥተው ክሊኒኩ ደጅ ተቀመጡና አልተነሱም። ፈተናዬን ጨርሼ ስመለስም እዚያው ነበሩ። ጉሙ የተገፈፈው ስምንት ሰዓት ሲሆን ነው። ከዚያ በኋላ የቀረችው ፀሐይ፣ ቅርንጫፎቹ ባይወርዱ ኖሮ፣ አብዛኛዋ የዋንዛው ነበረች። አሁን ግን ሰሌዳው ላይ አረፈች፤ ጀንበር እስክትጠልቅም ጥላ አልነካትም።

ወደ ማታ ቀስቱ ከቀዩ ተነቅሎ ወጣ። ፍሪጁ እንደ ንብ ማጉረምረም ጀመረ፤ ዓወል የሙቀት መለኪያውን ደጋግሞ አየና «በቃ፣ ይገባል!» ብሎ ጮኸ። የሳጥኑ በረዶ በዚያን ጊዜ ውኃ ሆኖ ነበር፤ ቅዝቃዜው ግን ገና አልለቀቀም። ክትባቱን ሲያስገባ ሐጂ በሩን ደግፈው ያዙለት።

ዓርብ የዘይኑ እናት ረሒማ ልጇን ሰሊሃን አዝላ ከሁሉ ቀድማ መጣች። ሕፃኗ መርፌው ሲነካት አካባቢውን በጩኸት አደበላለቀችው፤ ሐጂ ሸሪፍም «አልቅሺ የኔ እናት፣ አልቅሺ!» እያሉ አብረዋት አለቀሱ። ያን ዓመት ኩፍኙ አልዩ አምባን አልፏት ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ማኅበሩ የላምባውን ገንዘብ ለባትሪ መግዣ ያስቀምጣል፣ በቅሎዎቹም ለእህል ተርፈዋል። የማታ መብራትም ጨርሶ አልቀረም፤ ቀስቱ ከግማሽ በላይ ሲሆን ልጆች ያጠናሉ፣ ሲወርድ ሐጂ ራሳቸው ያጠፉታል። ሌላውም ቀበሌ ይህንኑ ቢያደርግ ይጠቀማል እላለሁ፤ ለዚህም ነው የጻፍኩት።

በዓመቱ ሐጂ የመጨረሻ ልጃቸውን ሲድሩ እኔም ተጠራሁ። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ ታርዶልን በሌላ ዳስ ተቀመጥን። አመሻሽ ላይ ሐጂና ዓወል ሊያጫውቱን ወደ እኛ ዳስ መጥተው ሳሉ ሚዜዎቹ ለቴፕና ለመብራት የክሊኒኩን ባትሪ ለአንድ ማታ ብቻ እንዲያውሷቸው ሐጂን ለመኗቸው። ዳሱ ሁሉ ዓይኑን እሳቸው ላይ ጣለ፤ ድሮ የለመናቸውን ሰው መልሰው አያውቁማ።

«ሙሽራው የኔ ልጅ ነው፣» አሉ ሐጂ። «እዚያ ቤት ክትባታቸው የተቀመጠው ግን የሰው ሁሉ ልጆች ናቸው። አልሰጥም። ከፈለጋችሁ ሸሪፍ ንፉግ ነው በሉ!»

ዓወልን አየሁት፤ አንገቱን ደፍቶ ይስቃል። ሰርጉ በማሾ መብራትና በድቤ ደምቆ አመሸ።