ከሁለት እርምጃ የተሰጠ ሰላምታ

ሰኔ በገባ በሳምንቱ፣ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ላይ አንድ ወንዝ ሞልቶ አገደን። ሾፌሩ ቀጄላ ከሚኒባሱ ወርዶ ውሃውን አየና፣ "እስኪጎድል ነው እንግዲህ። ሁለት ሰዓትም ይፍጅ አራት፣ ዋቃ ነው የሚያውቀው" ብሎ ከአንድ ትልቅ ማንጎ ሥር ጃኬቱን ተንተርሶ ተኛ። ሰው እንዲህ ቶሎ እንቅልፍ ሲወስደው አይቼ አላውቅም።

የሺሀረግ እባላለሁ፤ የጎጃም ልጅ ነኝ። አሶሳ ስኖር ሰባት ዓመቴ ነው፤ ሥራዬም የልዩ ፍላጎት መምህርነት ነው። ያን ቀን የምሄደው በገጠር ትምህርት ቤቶች ያሉትን ልጆች ልመዘግብ ነበር። ችኩል ነኝ፤ መንገድ ላይ መቆም ያቃጥለኛል። ያን ዕለት ግን ምን እንደነካኝ እንጃ! ጭጋጉ ከቀርከሃው ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ፣ ውሃውም ሳያቋርጥ ሲያጉረመርም፣ ሰዓቱም ቀኑም ጠፋብኝ። ቁጭ ብዬ የማልም መሰለኝ።

ከጎኔ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። ራቅ ብላ ወንዙ ዳር አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ልጅ ቁጢጥ ብላ ውሃውን ታያለች። ሰላምታ ደንብ ነውና ሄድኩና "እንደምን ዋልሽ የኔ ቆንጆ?" ብዬ እጄን ዘረጋሁ። ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ይባስ ብላ ትከሻዋን ሰብስባ ወዲያ ፈቀቅ አለች።

እውነቱን ልናገርና በሆዴ "አይ ባለጌ!" አልኩ። እንግዲህ ይህን ሙያ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ደመወዝ የምበላበት ሴት ነኝ! ወዲያው ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ፣ ጣቷም ጉልበቷን መታ መታ ሲያደርግ አየሁ። ውሃው ሲጎድል ብቅ የሚሉትን ድንጋዮች ትቆጥራለች። ያን ጊዜ ነው በራሴ ያፈርኩት።

"አትቀየሚ የኔ ልጅ፤ የልጅ ልጄ ናት" አሉኝ ሽማግሌው ወደ ቦታዬ ስመለስ። "ወለተሥላሴ ትባላለች። ሰው አትወድም።"

"አልተቀየምኩም አባባ። ወዴት እየወሰዷት ነው?"

አቶ ጫኔ ይባላሉ። በሰባ ሰባት ከወሎ በሠፈራ መጥተው፣ አሶሳ ዙሪያ ካሉት የሠፈራ መንደሮች በአንዱ አርባ ዓመት ያረሱ ሰው ናቸው። ንግግራቸው አሁንም ወሎ ወሎ ይላል። 

"ከኩርሙክ ወዲህ ባለች ገበያ ልጄ ሱቅ አላት። ከሱቁ ኋላ አንድ ክፍል አለች። እዚያ ትቀመጣለች።"

"እስከ መቼ?"

"እንግዲህ..." አሉና ከዘራቸውን አዟዟሩት።

"ትምህርቷስ?"

"ከሰው ፊት መቆም ላልቻለች ልጅ ምን ትምህርት አለ? አየ የኔ ልጅ፣ አንቺ ደህና ሰው ትመስያለሽና ልንገርሽ። እናቷ በወሊድ ቀረች፤ እኔና ትንሿ ልጄ ሐኒ ነን ያሳደግናት። ልጅ ሳለች ዝምተኛ ነበረች። መንደሩ ሁሉ 'የጫኔ የልጅ ልጅ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!' ይል ነበር። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብዬ እኔም ደስ አለኝ። ኋላ እያደገች ስትመጣ ጉዱ ወጣ። ባለፈው ወር ለሐኒ ሽማግሌ መጣ። ወለቴ ውሃ ታስታጥብ ብዬ ማሰሮውን አስያዝኳት። ትልቁ ሽማግሌ፣ አቶ በቃሉ የሚባሉት፣ 'ነይ እስቲ የኔ ልጅ' ብለው ጎትተው ሳሟት። ማሰሮውን ለቀቀችው! ጆሮዋን ይዛ እሪ አለች! ሮጣ አልጋ ሥር ገባች። እንግዶቹም ተያዩ። ሲወጡ ሰማኋቸው፤ 'በዘራቸው አለ' ተባባሉ።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እሑድ ለመጨረሻው ቃል ይመለሳሉ። ሐኒ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ልጁንም ወዳዋለች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል። የቤት ገመና ደጅ አይወጣም። አንዷን ከዓይን ሸሽጌ አንዷን ባድን ምን ይፈረድብኛል?"

ነገሩ ገባኝ። ውሃው ሲጎድል መኪናው ይሻገራል፤ መኪናው ከተሻገረ ያቺ ልጅ ከኋላ ክፍል ትገባለች። ጊዜዬ ድንጋዮቹ ብቅ እስኪሉ ድረስ ነው። ወንዙን አየሁት፤ ሦስት ድንጋዮች ወጥተዋል።

"አባባ፣ ይፈቅዱልኛል? የማስተምረው እንዲህ ያሉ ልጆችን ነው። ወለተሥላሴ ጓደኛ ነበራት?"

"ልጅ ሳለች ሦስት አራት ሆነው ደጃፋችን ላይ ቅልብልቦሽ ይጫወቱ ነበር። እሷን የሚያሸንፍ የለም! አሁን ግን ትተዋታል። ተሰብስበው ሲያወሩ እሷ ብቻዋን ከግድግዳ ተጠግታ ትቆማለች። 'ደንቆሮ' ይሏታል አሉ።"

"አዩ፣ ቅልብልቦሽ ሕግ አለው። ጠጠሩ ይወረወራል፣ ይቀለባል፣ ተራ ይለቀቃል። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃገረዶች ወሬ ግን ሕግ የለውም። መቼ እንደሚሳቅ፣ መቼ ዝም እንደሚባል፣ ቅንድብ ሲነሳ ምን ማለት እንደሆነ እኔና እርስዎ ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። አንዳንድ ልጅ ግን አእምሮው የሚያድገው በሌላ መንገድ ነውና ይህ በራሱ አይገባውም። ብርሃኑም ድምፁም የሰው እጅም ሊበዛበት ይችላል። ኦቲዝም የሚባል አለ..."

"ኦ ምን?"

"ኦቲዝም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ነው አይደለም የሚለው ሐኪም ነው፤ መታየትም አለባት። ግን ይመስለኛል። ሴት ልጅ ስትሆን ደግሞ ዝምታዋን ጨዋነት ነው እያልን እናመሰግናታለን። አድጋ እንግዳ ተቀበይ፣ አጫውቺ፣ ሳቂ ስንላት ሲያቅታት፣ ያመሰገንናትን ልጅ ያንኑ ዝምታዋን ይዘን ባለጌ እንላታለን። እኔ ራሴ ቅድም ብያታለሁ።"

"አንቺም?" አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "ተይ እንግዲህ! የተማረ እንዲህ ካለ እኛ ምን እንበል!"

በዚህ መካከል አንዲት የበርታ ሴት በትከሻዋ ላይ ባጋደመችው ዘንግ ግራና ቀኝ ሁለት ቅርጫት ማንጎ አንጠልጥላ ደረሰች። ብኸይታ ትባላለች፤ ማዶ ልትሸጥ ስትሄድ ውሃው እዚህ አስቀራት። አቶ ጫኔ እንደ ደንባቸው ብድግ ብለው እጃቸውን ዘረጉላት። እሷ ዘንጓን አውርዳ፣ ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች።

"አሰላሙ አለይኩም፣ አባባ። ደህና ነው? ልጆች ደህና ነው?"

አቶ ጫኔም ወዲያው እጃቸውን ሰብስበው ደረታቸው ላይ አኖሩና "ደህና ነኝ፣ ተመስገን። ልጆች ደህና?" አሏት። ሁለት ማንጎ መርጣ ሰጠችን። ወንዙ ዳር ያለችውን ልጅ አይታ "እሱ ልጅ ይበላል?" ብላ ሦስተኛ አከለችልን፤ ከዚያም ጥላው ውስጥ ሄዳ ተቀመጠች።

"አባባ" አልኳቸው፣ "እጅዎን ዘርግተው ሳትጨብጥዎት ቀረች። አልተቀየሟትም?"

"ለምን ብዬ? ሃይማኖቷ ነው፤ ባዳ ወንድ አትጨብጥም። አርባ ዓመት አብረን ኖረን ይህን አጣዋለሁ?"

"ሰላም ሳትልዎት ነው ያለፈችው ማለት ነው?"

"ኧረ ብላኛለች! ከነልጆቼ ነው የጠየቀችኝ!"

"ታዲያ ለወለተሥላሴ ይህ ለምን አይበቃትም?"

ማንጎውን በእጃቸው አገላበጡት። "እሱ ሌላ ነው የኔ ልጅ። ያ እምነት ነው፤ ይሄ ደዌ ነው። ቁርጡን ልንገርሽ፤ አንድ ጊዜ ለቆላት ነበር።"

"ለቆላት?"

"ጸበል አስጠመቅኳት። ከዚያ ዓመት ሙሉ እንዴት ያለች ልጅ ሆነች መሰለሽ! ደጃፍ ቆማ ላላፊ አግዳሚው ሁሉ አንገቷን ዝቅ አድርጋ 'እንደምን ዋላችሁ' ትላለች። መንደሩ ጉድ አለ። እኔም ስለት አገባሁ። ኋላ ግን ቀስ እያለ ተመለሰባት። ምን እንዳጠፋሁ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።"

"ጸበሉን አልነቅፍም፤ ያስጠምቋት። ግን መቼ ነበር ይኸ ዓመት?"

"ቆይ... የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት ማለቂያው ላይ፣ ከዚያ አሥራ ሦስትን ሙሉ..."

"አባባ፣ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ እንዴት ነበር ሰላም የሚባባለው?"

"ያን ጊዜማ ኮሮና ነበር። ማን ማንን ይነካል? ሁሉም ከሩቅ አንገቱን ዝቅ እያደረገ..."

ማንጎው ከእጃቸው ወደቀ። ተንከባሎ ቀጄላ እግር ሥር ሲቆም እንኳ አላነሱትም። ከዘራቸውን ይዘው ወንዙን ያያሉ። ጭጋጉ ተገልጦ ፀሐይ ውሃው ላይ አረፈች፤ ልጅቷም በዚያ ብርሃን መካከል ጣቷን እየመታች ትቆጥራለች። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም።

"ወይ ጉድ!" አሉ በመጨረሻ። "እሷ ያው ነበረች። የራቅንላት እኛ ነን። ከዚያ ኮሮናው ሲያልፍ ሁሉም ተንደርድሮ ይስማት ጀመር። ልጄ! አራት ዓመት ሙሉ ስገርፋት፣ ስቆጣት..."

"ባለማወቅ ነው፣ አባባ።"

"አንድ ነገር ደግሞ እውነቱን ንገሪኝ። በዘር ነው?"

ይህን ጥያቄ ስፈራው ነበር። አይደለም ብላቸው እፎይ ይላሉ፤ ግን ውሸት ይሆናል። "አልዋሽዎትም። በዘር የሚመጣበት አለ፤ ምክንያቱ በውል የማይታወቅበትም ብዙ ነው። ግራኝነትስ በዘር ይመጣ የለም? እርግማን አይደለም፤ አይጋባም፤ ያሳዳጊ ጥፋትም አይደለም። ደግሞስ ሰባት ቤት ቢቆጠር እንዲህ ያለ ልጅ ያልተወለደበት ዘር የት ይገኛል? ስለሚደብቁት እንጂ።"

"ለሽማግሌዎቹስ ምን ልበል?"

"ይህንኑ። በሩ ላይ ቀድመው ይንገሯቸው። ለእሷም ማን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚደረግ፣ መቼ እንደሚያልቅ ከዋዜማው ይንገሯት። የጠየቋትን በልብዎ አሥር እስኪቆጥሩ ይጠብቁላት፤ መልሱ ይመጣል። ሲበዛባት ደግሞ የምትገባበት ጸጥ ያለ ቦታ ይኑራት፤ በራሷ ፈቃድ የምትወጣበት እንጂ የሚዘጋባት አይሁን።"

ቀጄላ ድንገት ብድግ አለ። ማንጎውን አንስቶ እያየ "ጎደለ! ተሳፈሩ፣ ተሳፈሩ!" ብሎ ጮኸ። ከማዶም አንድ አይሱዙ ወደ አሶሳ ሊሻገር ሞተሩን አስነሳ።

አቶ ጫኔ ወደ ልጅቷ ሄዱ። ሁለት እርምጃ ሲቀራቸው ቆሙ፤ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ሽማግሌው ለልጅ፣ ጎንበስ አሉ።

"እንደምን ዋልሽ፣ ወለቴ?"

ቀጄላ ጥሩምባውን ነፋ፤ ብኸይታ "ተው!" አለችው። እኔ በልቤ እቆጥራለሁ፤ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ። ልጅቷ ቀስ ብላ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

"ደህና ዋልኩ። አሥራ ሁለት ድንጋይ ወጥቷል።" ከዚያ ውሃውን እያየች "የአክስቴ የኋላ ክፍል መስኮት አለው?" አለች።

ለካ ሁሉንም ሰምታለች!

አቶ ጫኔን እንባ ቀደማቸው። "የለውም ልጄ። የለውም። አንሄድም፤ ቤታችን እንመለስ" አሉና ወደ ቀጄላ ዞረው "አንተ ልጅ፣ ሻንጣዋን አውርድልኝ!" አሉት።

እሑድ ጠርተውኝ ሄድኩ። በሩ ላይ ሽማግሌዎቹን አስቁመው፣ የልጅ ልጃቸውን ነገር ሳይሸሽጉ ነገሯቸው። "ይህን ሰምታችሁ የምትገቡ ግቡ፤ የምትመለሱም አልቀየምም" አሉ። ሐኒ ከጓዳ ትንፋሿን ይዛ ትሰማለች። አቶ በቃሉ ረጅም ሰዓት መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ከቆመችው ልጅ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። ጠበቁ። "ደህና መጡ" አለቻቸው። ገቡ፤ ነገሩም በዚያው ቀን ተቋጨ።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ይህን ያወጋሁህ ልጅቷ ተለወጠች ልልህ አይደለም። ወለተሥላሴ ዛሬም ያቺው ናት፤ ጫጫታ አትወድም፣ ሲስሟት ትጮኻለች። ነገር ግን ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ አንዲት ጓደኛ አግኝታለች፣ ሁለቱ በእረፍት ሰዓት ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ። ሐኪምም አይቷታል። አያቷም መቆጣቱን ትተዋል። መንደሩም ከሁለት እርምጃ ሰላም ማለት ለምዷል፤ ይህን ለማድረግ ያጣው ነገር የለም። ልጅህ ሰው አይቀርብም ብለህ ከመደበቅህ በፊት፣ አንተ እንዴት እንደምትቀርበው ተመልከት።

ያን እሑድ ልወጣ ስል አቶ በቃሉ ከአጥሩ ዘወር አድርገው ያዙኝ።

"መምህርት፣ እኛም ቤት አንድ አለ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። እንግዳ ሲመጣ ጓዳ እንዘጋበታለን።"

'በዘራቸው አለ' ያሉት እኚህ ሰው ናቸው። ልናገራቸው ምላሴ ድረስ መጣና ዋጥኩት።

"ስሙ ማነው?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ታረቀኝ" አሉ። "ስሙን የጠየቀኝ ሰው የለም እኮ፣ ልጄ።"

ደብተሬን አወጣሁና ጻፍኩት።