አራተኛ ፎቅ ድረስ

ሄሎ?... ሄሎ፣ እትዬ! ቆይ፣ ይቆራረጣል... አሁን ትሰሚኛለሽ?... ደህና ነኝ። እዚሁ እማዬ ቤት፣ ዕቃዋን እየለየሁ ነው።

— ብቻዬን አይደለሁም። ወንድማችን መጥቷል።

— ታች አይደለም እትዬ፣ እዚህ። አራተኛ ፎቅ።

— ማን ይሸከመዋል? በገዛ እግሩ ነው የምልሽ። በሩ ሲንኳኳ ጎረቤቷ መስላኝ ከፈትኩ፤ እሱ ቆሟል። ቁና ቁና አይተነፍስ፣ ግድግዳ አልተደገፈ።

— አዎ፣ ማሽኗ ናት። የልብ ሐኪሙ እንዳስረዳችን፣ ልቡ መድከሙ ሳያንስ ግራና ቀኙ አብረው አይመቱም። አንዱ ሲጨምቅ ሌላው ይዘገያል። ታዲያ ትንሽዬ ማሽን ከትከሻው ዝቅ አድርገው ቆዳው ስር ቀበሩለት፤ ከሷ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች ልቡን በሁለቱም በኩል እኩል ይቀሰቅሱታል።

— አይ፣ ድኗል አላሉም። መድኃኒቱንም አያቋርጥም። ለሁሉም ሰው አይሠራም ብለውን ነበር። ለሱ ግን ሠራለት።

— እሱማ ደስ ይላል...

— አንዴ ቆይኝ። (ወንድምዬ፣ እትዬ ናት። ታናግራታለህ?... እሺ፣ ግድ የለም።) ሄሎ? አሁን አልችልም አለ። እማዬ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ፍራሹን አንስቼዋለሁ፣ ባዶው ጣውላ ላይ ነው ያለው።

— አዎ፣ እያለቀሰ ነው።

— እንዴት አያለቅስ? የልብ ሐኪሙ ስለ ማሽኗ መጀመሪያ ስትነግረው እማዬ በሕይወት ነበረች እኮ። «በሽቦ ታስሬ አልኖርም» ብሎ እምቢ አለ። እንጨት ቤት አብረውት የሚሠሩት ደግሞ አስፈራሩት። በኋላ እሺ ወደ ማለቱ ሲያዘነብልም «ይቺን ሥራ ልጨርስና» ማለት አመጣ። የአናጢ ሥራ መቼ ያልቃል?

— እሱን ነው የምልሽ። እማዬን የታመመ ዳሌዋ ደረጃውን አያስወርዳት፣ እሱን ልቡ አያስወጣው። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ መስኮት ላይ ሆና፣ እየተያዩ በስልክ ያወሩ ነበር። «መቼ ነው የምትወጣው?» ትለዋለች። «ትንሽ ሲሻለኝ» ይላታል።

— አይ... በቅርብ አላያትም። አስከሬኗ ሲወርድ ነው ደረጃው ስር ቆሞ የተቀበላት። ከዚያ ወዲያ ነው ራሱ ሄዶ «ይደረግልኝ» ያለው።

— ተይ እንጂ፣ አንቺ ምን አደረግሽ? እስኪሰለቸው ድረስ ነግረሽዋል።

— የለም፣ የሚያለቅሰው ደክሞትስ አይደለም። እኔም እንደዚያ መስሎኝ ውሃ ይዤለት ሮጥኩ፤ አልነካውም። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ ድካሙን ጠበቀው፣ ራሱ ነው የነገረኝ፤ አልመጣም። ሦስተኛውም ላይ ቆመ፣ አልመጣም። «ምነው ትንሽ እንኳ ባለከለክኩ» ነው የሚለው። «ያኔ ላለመውጣቴ ለእማዬ የምነግራት ምክንያት አጣሁ» ይላል።

— ...እትዬ? አለሽ?

— እሺ፣ አልቅሺ። ይውጣልሽ።

— (መጣሁ፣ ወንድምዬ።) እየጠራኝ ነው። ብቻውን አይሁን፣ ልዝጋው... እሺ... እሺ፣ እስመዋለሁ።