ከነላስቲኩ የበቀለው ማንጎ

ሰላም ዋልሽ ሀስናዬ? ልጆቹ ደህና ናቸው? ላሚቱስ ወለደች? አልሐምዱሊላህ። ሙቀቱ ዘንድሮ አይጣል ነው… እስቲ ወደ አጥሩ ጠጋ በይ። ከአጥሩ ወዲያ ችግኝ የሚያጠጡ ሰው ካሉም ይስሙን፤ እኔ አሚና መቼ የሰው ክፉ አወራሁ?

መሐንዲሶቹ ሐሙስ ይመለሳሉ አሉ። ያ ከወልድያ የሚመጣው ትልቁ የመብራት መስመር ስንት ዓመት በራሳችን ላይ እያለፈ ሲያፏጭብን ኖረ፤ ወፍ አረፈበት እንጂ እኛ ምን አገኘንበት? ያኔ ምሰሶውንም ትራንስፎርመሩንም ራሳችሁ ግዙ ሲሉን፣ የመንደሩ ቅሬ በሬውን ሁሉ ቢሸጥ አይደርስበትም ነበር። አሁን ምሰሶና ሽቦውን መንግሥት ቻለልን፤ ለእኛ ቆጣሪዋ ብቻ ቀረች፣ እሷም በየወሩ ተከፋፍላ። ከኛ የተፈለገው በመሬታችን እለፉ ማለት ነው። ይቺ ትከብዳለች? እኔ የጫቴን ጥግ ለቀቅሁ፣ ኡበይደላ የማሽላውን ዳር።

ልማት የሚወድ ሰው ግን ከዚህም ያልፋል… ምሰሶው የሚያልፍበት ቀዩ ችካል በተተከለ ማግስት፣ እኛ ገበያ ደርሰን እስክንመለስ፣ በአንድ ሰው ማሳ ላይ ችካሉን ተከትሎ ሃምሳ ማንጎ በቅሎ ጠበቀን። ሱብሐነላህ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል ነበር፤ የእኒያ ሰው እንቁላል በአንድ ቀን አውራ ዶሮ ሆኖ ጮኸ። ካሳ የሚገምተውን መሐንዲስ “አምስት ዓመቱ ነው” አሉት። ምን ይዋሻሉ? በረካ ያለው ሰው ዘንድ ዓመቱ ያጥራል።

መሐንዲሱ ግን ልጅ አይደል፣ አንዷን ጫፏን ይዞ ሳብ ቢያደርጋት ከነጥቁር ላስቲኳ ተነሥታ እጁ ላይ ቀረች። ሰዉ ሳቀ። እኔ ሻሼን አፌ ውስጥ ከትቼ አደነቅሁ እንጂ አልሳቅሁም። ችግኝን ከነላስቲኩ ቀብሮ፣ ካሳውን ተቀብሎ፣ መልሶ ነቅሎ መሸጥ… ይሄን ሲሪንቃ ያሉት የምርምር ሰዎች አስበውት ያውቃሉ?

መሐንዲሱ ያለውን ሰምተሻል። ካሳውም ሽቦውም የሚወጣው ከአንድ ከረጢት ነው፤ ለማንጎ ከተከፈለ ሽቦው አይደርስም። እስከ ሐሙስ መንገዱ ካልተለቀቀ ምሰሶው ወደ ማዶው ቀበሌ ይሄዳል፣ እኛም ተራችን መቼ እንደሚመለስ አላህ ነው የሚያውቀው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይላሉ። ማንጎ ሲሆን ይገለበጣል መሰለኝ… ለአንድ ሰው ጌጡ፣ ለቅሬው ሸክሙ።

ደግሞ ዱዓቸው። ባለፈው ቅሬው ተሰብስቦ “ያረብ መብራት ስጠን” ሲል ከሁሉ የእሳቸው ድምፅ ይበልጥ ነበር። አላህም ሰማ። ምስኪን፣ እንዲህ ቶሎ ይሰማል ብለው መች ጠረጠሩ?

ሚስታቸውን ዛሬ መንገድ ላይ አገኘኋት፤ እህሏን አዝላ መርሳ ወፍጮ ቤት ትወርዳለች። ወገቤን አለችኝ። “አይዞሽ፣ ማንጎው ሲደርስ ጥላው ሥር ታርፊያለሽ” አልኳት። ላጽናናት ብዬ ነው… አልሳቀችም።

ውይ፣ የውሃው ድምፅ ቆመ። ይስሙ፣ ይስሙ፣ ምርቃት ነው። አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ማንጎውም ላስቲኩን ቀድዶ ሥር ይስደድላቸው፣ ያፍራላቸው። ሲመሽ የልጅ ልጆቻቸውን ጥላው ሥር ሰብስበው፣ ማዶ የሚያበራውን አምፖል በጣታቸው እያሳዩ፣ “ያ የናንተ ነበር፣ በዚህ ማንጎ ለወጥኩላችሁ” ብለው የሚያጫውቱ ያድርጋቸው።

አሚን በይ እንጂ ሀስናዬ… ትንሽ ከፍ አድርጊው።