የጋሽ ወርቁ ፋይል

አየር ጤና ባለ አንድ ማሠልጠኛ የመመዝገቢያ ሲስተሙን የምይዘው እኔ ነኝ። ምዝገባው በሚዘጋበት ቀን ጎረቤታችን ጋሽ ወርቁ ስልካቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። የልጃቸውን ትራንስክሪፕት ሲልኩ ሲስተሙ አልቀበል ብሏቸዋል። ኔትወርኩ ደህና ነው፣ ፋይሉም ትልቅ አይደለም። ለካ ሲስተሙ ያልቻለው የፋይሉን ስም ነው፤ «የልጄ የሰላም ትራንስክሪፕት እግዚአብሔር ያሳካላት ከክፉ ዓይን ይሰውራት ያስተማሯትንም ይባርክ አሜን» ይላል።

«ስሙ ረዝሞ ነው ጋሽ ወርቁ፣ ‹ሰላም› ብለው ያሳጥሩት» ስላቸው ቅር አላቸው። «በዛሬ ቀን ምርቃት ልቀንስባት?» አሉኝ። ሲስተሙን ከፍቼ ረጅም ስም እንዲቀበል አስተካከልኩና «አሁን ይሞክሩ» አልኳቸው። ስልካቸውን ብዙ ነካክተው ላኩ፤ ገባ። ስሙን ሳየው ጭራሽ ረዝሟል። ከአሜን በፊት «ይህን ያስተካከለልንንም ልጅ ይባርክ» የሚል ገብቶበታል።