የዝናቡን በኩል የለሰኑት እትዬ ቱምቢ

የተከበራችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፤ እኅታችንን ልትሸኙ ሥራችሁን ትታችሁ መጥታችኋልና፣ አፈር ከመልበሳቸው በፊት እንዴት እንደኖሩ ባጭሩ እናነብላችሁ ዘንድ ጥቂት ጊዜ ጆሯችሁን እንድትሰጡን በትሕትና እንጠይቃለን።

ብዙዎቻችሁ እትዬ ቱምቢ እያላችሁ የምትጠሯቸው እኅታችን፣ በእህል መጋዘን ሚዛን ይመዝኑ ከነበሩት አባታቸውና በቤታቸው ልብስ ይሰፉ ከነበሩት እናታቸው ለቤቱ ሁለተኛ ልጅ ሆነው ተወለዱ። ከአባታቸው ያዘነበለ ነገር አይቶ ዝም አለማለትን፣ ከእናታቸው ደግሞ የተበላሸውን ሳያማርሩ ፈትቶ እንደገና መሥራትን ወርሰው አደጉ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ፣ አባታቸው በሕመም ምክንያት ሥራ በማቆማቸው፣ በአንድ የደንብ ልብስ ስፌት ድርጅት ተቀጥረው ኮሌታ በሚሰፋበት ክፍል መሥራት ጀመሩ።

ትዳራቸውንም ያገኙት ከዚያው ከስፌት መኪናቸው ሳይነሡ ነው። የድርጅቱ ሕንፃ የውጭ ግድግዳው ፈራርሶ ሲታደስ፣ አንድ ወጣት ለሳኝ ከመስኮታቸው ውጭ ርብራብ ላይ ቆመው ሲሠሩ፣ እኅታችን ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ቀና አሉና፣ «ወንድሜ፣ ከመስኮቱ በላይ ያለው መስመር ወደ ግራ ወርዷል» አሏቸው። ለሳኙም ፈገግ ብለው፣ እሳቸውን ደስ ለማሰኘት ያህል የግድግዳ ቀጥ ማለት የሚለካበትን ባለ ክር ቱምቢያቸውን ጥለው ውሃ ልካቸውን አጋድመው ቢያዩት እውነትም አንድ ጣት ያህል ወርዷል። «ይቺ ልጅ ዓይኗ ውስጥ ቱምቢ አለ» ብለው ለጓደኞቻቸው ያወሩት ቀልድ ቅጽል ስም ሆኖ ቀረ። ከዚያ ወዲያ የሕንፃው ሌላው ጎን ሁሉ ተለስኖ አልቆ፣ የኮሌታ ክፍሉ መስኮት ዙሪያ ግን አልጨረስ ብሎ ተቆጣጣሪውን ግራ አጋባው፤ ያለቀውም ሽማግሌ ተልኮ እሺታ ከተገኘ በኋላ ነው።

ተጋብተው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ካፈሩ በኋላ፣ በመንገዱ መጨረሻ ላይ፣ ነፋስ ያጀበው ዝናብ ፊት ለፊት በሚመታው ቦታ፣ በብሎኬት ቤት ሠርተው ገቡ። የለሳኝ ቤት ሳይለሰን ይኖራል እየተባለ ሲቀለድባቸው፣ ባለቤታቸው በእረፍት ቀናቸው ሦስቱን ጎን ለስነው ጨረሱ፤ ወደ አራተኛው፣ ወደ ዝናቡ በኩል ሲዞሩ ግን የቆሙበት ርብራብ ተንሸራቶ ወደቁ። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የልስን ማንኪያ የሚያነሣ እጅ አልሆነም።

ከሐኪም ቤት ሲመለሱም ተጫዋቹ ሰው ፊታቸውን ወደ ጓዳ አዙረው ተቀመጡ፤ ከማንም ጋር መነጋገርም ተዉ። የሙያ ጓደኞቻቸው መጥተው ግድግዳውን እንደሚጨርሱላቸው ቃል ገቡ፤ ነገር ግን ሁሉም የየራሱ ሩጫ ነበረበትና አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ወራት አለፉ። በዚህ መካከል ዝናቡ ገባ። ያልተለሰነው ብሎኬት ውሃውን እየመጠጠ ወደ ልጆቹ ክፍል ያሳልፍ ጀመር፤ አልጋው ቢሳብም ሽታው አልለቅ አለ፤ ወንድ ልጃቸውም ማሳል ጀመረ፤ የልጁ ሳል የእናቱን አንጀት በላው።

ዝናቡ ጋብ ባለበት ሰሞን እኅታችን ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው፣ የባለቤታቸውን ቱታ ከእግሩ አሳጥረው ሰፍተው ለበሱ፤ ወንበርም ግድግዳው ፊት አውጥተው፣ «ና ተቀመጥ፤ አንተ አፍ ሁን፣ እኔ እጅ እሆናለሁ» አሏቸው። ባለቤታቸውም፣ «ሰው ምን ይለኛል?» ቢሉ፣ እኅታችን «ሰው ያለውን ይበል፤ ልጁ እያሳለ ነው» ብለው አሸዋውን ከሲሚንቶው ጋር መቀላቀል ጀመሩ። እንደ ኮሌታ ጠርዝ ተጠንቅቀው የለጠፉት የመጀመሪያው ልስን፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ሊያዩት ሲሉ፣ ከላይ እስከ ታች ተንሸራቶ እግራቸው ሥር ተዘረገፈ። አጥር ላይ ተንጠላጥለው ያዩ የነበሩ ጎረቤቶች ሳቁ። ባለቤታቸውም ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁና፣ «ግድግዳውን ሳታጠጪው ለጠፍሽበት እኮ። የጠማው ግድግዳ የድብልቁን ውሃ መጦ ደረቁን ይጥልልሻል» አሏቸው።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የዚያ ቤት ዝምታ ተሰበረ። ግድግዳውን ማርጠብ፣ የመጀመሪያውን ንብርብር በማንኪያ ወርውሮ ማጣበቅ፣ ሁለተኛው እንዲይዝ ገና ሳይደርቅ መጫር፣ ፀሐይ ቶሎ እንዳያደርቀው ጠዋትና ማታ ውሃ መርጨት፣ ሁሉንም በቃል ተቀብለው በእጃቸው ተማሩት። ተጣልተውበታልም፤ ባለቤታቸው «ቀስ» ሲሉ እኅታችን ሲፈጥኑ፣ «ጨምሪ» ሲሉ ሲቀንሱ፣ ጎረቤት ለማስታረቅ የመጣበት ቀን ነበር። ሥራው ባለቀ ዕለት የማታዋ ፀሐይ በጎን ስትመታው ጥግ ላይ አንድ እብጠት ታየ። ባለቤታቸው «ተይው፣ ማን ያየዋል» ቢሏቸው፣ «እኔ አየዋለሁ» ብለው በማግስቱ ያንኑ ጥግ አፍርሰው እንደገና ለሰኑት። ዝናቡ ተመልሶ ሲመጣ የልጆቹ ክፍል ደረቅ ሆኖ ከረመ፤ የልጁም ሳል እየቀለለ ሄዶ ጠፋ።

የመንገዱ ሰው ይህን አይቶ ዝም አላለም። መጀመሪያ ፋርማሲስቷ ጎረቤታቸው የተሰነጠቀ ግድግዳዋን እንዲያዩላት ጠየቀች፤ ቀጥሎ ጋራዡ፣ ቀጥሎም መዋዕለ ሕፃናቱ ጠሯቸው፤ እኅታችንም የስፌት ድርጅቱን በክብር ተሰናብተው ለሳኝ ሆኑ። «ባልና ሚስቱ ተደምረው አንድ ተኩል ለሳኝ ይወጣቸዋል» የሚለው የሰፈሩ ቀልድ ጆሯቸው ሲደርስ፣ «ግማሹ ማነው?» ብለው ባለቤታቸውን እያዩ ይስቁ ነበር። ዝናብ ባበቃ ቁጥር ቀድሞ የሠሩትን ቤት እየዞሩ ግድግዳውን በማንኪያው እጀታ ያንኳኳሉ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከብሎኬቱ ተላቋል ማለት ነውና ሳይወድቅ ይጠግኑታል፤ የተደፈነ አሸንዳ ካዩም የቤቱን ባለቤት እዚያው አስጠርተው ሳይገሥጹ አይሄዱም።

ሆኖም ይህ ሥራ በቤት ውስጥ ለሁሉም አልተዋጠም። ወንድ ልጃቸው ከፍ ሲል የጓደኞቹ አፍ አስፈራውና፣ «እማዬ፣ በትምህርት ቤታችን በኩል ስታልፊ ቱታሽን አውልቂ» አላቸው። እኅታችንም፣ «ቱታውን አላወልቅም፤ መንገዱን ግን እቀይርልሃለሁ» አሉት፤ ልጁ ትምህርቱን እስኪጨርስም መሰላላቸውን ተሸክመው በዙሪያው መንገድ ሄዱ። ስለ ነገሩ ዳግመኛ አልተነጋገሩም። ልጁ የባንክ ሠራተኛ ሆኖ ራሱን ከቻለ በኋላም ቢሆን ወደ ቤት ብቅ የሚለው እንደ እንግዳ ነበር።

ባለቤታቸው አርጅተው በሰላም ካረፉ በኋላ፣ ይኸው ልጅ እናቱን ሊያስደስት አስቦ፣ እሳቸው ወደ እኅታቸው ቤት በሄዱበት ሰሞን ቀለም ቀቢ አምጥቶ ቤቱን በሙሉ በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም አስቀባው። ሲመለሱ መርቀው ተቀበሉት። ዝናቡ ሲመጣ ግን ውስጥ የገባው እርጥበት መውጫ አጥቶ፣ ቀለሙ በየቦታው እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ልጁ ደንግጦ ይቅርታ ሊጠይቅ ቢመጣ እኅታችን አንዲት ክፉ ቃል ሳይናገሩ መፋቂያ ሰጡትና ጎን ለጎን ቆመው መፋቅ ጀመሩ። በየእረፍት ቀኑ እየመጣ ሲፍቅ ሰነበተ፤ አንድ ቀንም ከመሰላሉ ላይ ሆኖ፣ «ያኔ መንገድ ያስቀየርኩሽ ጊዜ አልከፋሽም?» ብሎ ጠየቃቸው። «ከፍቶኛል፤ እግሬንም አሞኛል» አሉት፤ «አሁን ያቺን ጥግ በደንብ ፋቃት።» ቀን ሙሉ ሲያወሩ ዋሉ፤ ከዚያ ወዲያም ልጁ ከቤቱ አልራቀም።

እኅታችን ጤናማ ነበሩ፤ ባለፉት ዓመታት ግን ልባቸው መድከም ጀምሮ ደረጃ መውጣት ከለከላቸው። ሆስፒታል በተኙ ጊዜ እንኳ ነርሷ ስለ ሕመማቸው ስትጠይቃቸው፣ «እኔስ ደህና ነኝ፤ ከአልጋዬ በላይ ያለው ግድግዳ ግን አሞታል፤ አሸንዳውን አስጠርጉ» ብለው ክፍሉን ሁሉ አስቀውታል። በሰማንያ አንድ ዓመታቸው፣ በገዛ ቤታቸው፣ ሴት ልጃቸው ጸጉራቸውን እያበጠረችላቸው ሳለ፣ ቀና ብለው አይተዋት፣ ያለ ጣር ዐረፉ።

እኅታችን የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ፤ ያሠለጠኗቸው፣ ዛሬ በየሰፈሩ የሚለስኑ ሴቶችም በልቅሶው ከልጆቻቸው እኩል ቆመዋል። ሙያውን የተረከበችው ሴት ልጃቸው፣ ልትለስነው የጀመረችው የአንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ቤት የመጀመሪያው ንብርብር ተጭሮ ሁለተኛውን እየጠበቀ መሆኑን ታውቃለች፤ እናቷም በመጨረሻው ሳምንት «በእኔ ምክንያት የሰው ግድግዳ እንዳይደርቅብሽ» ብለዋታልና፣ ነገ ጠዋት ወደዚያው ትሄዳለች፤ ወንድሟም አሸዋ ሊያቀብላት ከባንኩ ፈቃድ ወስዷል።

የዘመናትን ድካም የሚያይ አምላክ የእኅታችንን ነፍስ በዕረፍት ቦታ ያኑርልን፤ ለልጆቻቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው ሁሉ መጽናናትን ይስጥልን፤ እኛንም እንደ እርሳቸው ሠርተን፣ ሰው አኑረን ለመሄድ ያብቃን። አሜን።