ጋሽ ከድር «ወንድሜ ድኗል» ያለ ቀን

ተዪኝ እህቴ ዘቢባ፣ «ለበጎ አስቦ ነው» አትበይኝ! አባባን አዲስ አበባ ለጨረር ያመላለስኩት እኔ ነኝ፣ አጎታችን ጋሽ ከድር አይደለም። ዶክተሩ እኮ ከመጀመሪያው አስረግጦ ነግሮናል፤ «ኬሞውና ጨረሩ የፊንጢጣውን ካንሰር ያሳንሰዋል እንጂ አይጨርሰውም፣ ሲያንስ በኦፕራሲዮን እናወጣዋለን፣ ከዛ ሰገራው በሆዱ በኩል በከረጢት ይወጣል» ብሎናል። እውነትም አነሰ። ደሙ ቆመ። ያ በአንድ ጎኑ ብቻ ይቀመጥ የነበረ ሰውዬ ለአረፋ ቡታጅራ ቤቱ ተደላድሎ ተቀምጦ ክትፎ በላ።

ይሄኔ ጋሽ ከድር ሆዬ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሳና «አልሐምዱሊላህ፣ ወንድሜ ድኗል! የዳነ ሰው ለምን ይቀደዳል? ደግሞ ሆዱ ላይ የሰገራ ከረጢት አንጠልጥሎ መስጊድ ሊገባ ነው?» አለ። ሽማግሌው ሁሉ አሚን! እኔ «ኧረ የኦፕራሲዮን ቀጠሮ አለው» ስል «አንተ ልጅ፣ ታላቅ ሲናገር ዝም በል» ተባልኩ። አባባ አፍሮ አንገቱን ደፋ። ከዛ በኋላ ብለምነው፣ ብቆጣው፣ ወይ ፍንክች! ቀጠሮውም አለፈ።

ደሙ ሲመለስበት ዛሬ በግድ ጎትቼ ሆስፒታል አመጣሁት። ዶክተሩ ለብቻዬ ጠርቶኝ «ያኔ ብትመጡ እናወጣው ነበር፣ አሁን ግን ጉበቱ ጋ ደርሷል» አለኝ። አባባ ገና አልሰማም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብሎ ምን እንደሚለኝ ታውቂያለሽ? «እስቲ ለከድር ደውልለት፣ እሱ የሚለውን እንስማ» ይለኛል!

ጋሽ ከድር፣ አንተም እዚሁ የቤተሰቡ ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ነህ፣ ይሄን ድምፄን ትሰማዋለህ። አሁን ደውዬ ስልኩን ልሰጠው ነው፤ ምን ልትለው ነው?