አርባ አንድ ግራም ዱቄት

ክቡራትና ክቡራን! እንዲህ ብዬ ካልጀመርኩ ድምፅ ማጉያውን እንደምትነጥቀኝ አለቃችን ሮዌና አስጠንቅቃኛለች። አሁን ወደ ራሴ አፍ ልመለስ። ወዳጆቼ፣ ለመሸኛዬ ቋሊማውን ለጠበሳችሁ፣ ኬኩን ለጋገራችሁ፣ ንግግሬ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ስትወራረዱ ለዋላችሁም ጭምር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ወደዚህ ከተማ፣ ወደ ቦወን ስመጣ የመርከብ በያጅ ነበርኩ። ሮዌና ቁም ሣጥን የሚያህል ማሽን አሳየችኝና፣ «ኔቪል፣ የሮኬታችንን ሞተር የሚያትምልን ይሄ ነው» አለችኝ።

«ያትማል? ጋዜጣ ነው እንዴ?» አልኳት።

እሷ እቴ፣ አልሳቀችም! የብረት ዱቄት በስሱ እየተነጠፈ፣ ሌዘር እያቀለጠው፣ ንጣፍ በንጣፍ ላይ እየተደረበ ሞተር እንደሚሆን አስረዳችኝ። ይቺ ሴትዮ ጤናም የላት፣ አልኩ በልቤ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የሞተሩ ሆድ፣ እሳቱ የሚነድበት ክፍል ማለቴ ነው፣ አንድ ወጥ ሆኖ ከማሽኑ ወጣ። አንድም ብየዳ የለበትም። ታዲያ እኔ ምን ልሠራ ነው?

ሥራስ ተገኘልኝ። በሆዱ ግድግዳ ውስጥ ነዳጁ እያለፈ የሚያቀዘቅዝባቸው ቀጫጭን ቦዮች አሉ። ታትሞ ሲያልቅ ያልቀለጠ ዱቄት እዚያ ይቀራል። ሳይራገፍ ብረቱ ወደሚበስልበት ምድጃ ከገባ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል፤ ያ ሞተር የተለኮሰ ዕለት ቀለጠ ማለት ነው። እኔ በእንጨት መዶሻ ኳ ኳ አደርግና አዳምጣለሁ። ንጹሑ ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ዱቄት ያለበት ይታፈናል። እናንተ ጉደኞች ደግሞ ስሜን አሳጥራችሁ ሥራ አደረጋችሁት። «ይሄ ነቭ ተደርጓል?» ትባባላላችሁ። መቆጣጠሪያ ቅጹ ላይ ሳይቀር ገባ! ሚዛኑ ጥግ ላይ አቧራ ሲጠጣ የእኔ ጆሮ ይፈርም ነበር። ኮርቼበታለሁ፣ ምን ያስዋሸኛል?

የምሄደው ዓሣ ላጠምድ ነው ብያችሁ ነበር። ውሸቴን ነው።

ባለፈው ወር አንዱን ሆድ መታሁት፣ አዳመጥኩት፣ ፈረምኩ። ምድጃውን የምትይዘው ሊትያ፣ የፊጂዋ ልጃችን፣ ይዛው ተመለሰች።

«አጎቴ፣ ይሄን እንደገና ቢያዩት?»

«ለምን ሲባል?»

«መዘንኩት። አርባ አንድ ግራም ትርፍ አለው።»

«እኔ ብረት ስደበድብ አንቺ መች ተወለድሽና ነው!» ብዬ ጮኽኩባት።

«እሱስ ልክ ነዎት። ሚዛኑ ግን ዕድሜ አይጠይቅም።»

ገልብጠን ማንቀጥቀጫ ማሽኑ ላይ ስናስቀምጠው ዱቄቱ ዝርግፍ አለ። ያ ሆድ ለመጀመሪያው በረራችን የተመደበው ነበር። በእኔ ኩራት የሁላችሁም የስንት ዓመት ልፋት አመድ ሊሆን ነበር። ሊትያ ትሪውን ጠራረገችና፣ «አይዞዎት፣ ማንም አልሰማም» አለችኝ።

ወይ ልጄ! እኔም እኮ አልሰማሁም!

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መስማት ካቆመ ቆይቷል አለኝ። ሦስት ሳምንት ዝም አልኩ፤ አፈርኩ። ሌሊት ሌሊት ግን፣ ስንቱን ሳልሰማ አሳልፌ ይሆን እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። በመጨረሻ ለሮዌና ነገርኳት። መጀመሪያ ሰደበችኝ። ከዚያ መጋዘን ያለውን ሁሉ አብረን መዘንን። ንጹሕ ነው፣ ተመስገን። ከዚያ አቅፋኝ አለቀሰች፤ ይህን እንዳልናገር ነግራኝ ነበር።

እባካችሁ ቅጹ ላይ ያለውን ስሜን ሰርዙት። እኔ አልቀየምም። ሚዛን ላይ ሳይወጣ ምንም ነገር ምድጃ አይግባ፣ የማንም ጆሮ ቢፈርምለትም። ሊትያ፣ የጮኽኩብሽን ሁሉም በተሰበሰበበት ይቅር በይኝ። አንቺ ባትመልሺው ኖሮ ዛሬ እናንተን ቀና ብዬ አላይም ነበር።

በሉ፣ እጃችሁ ይባረክ። ቤታችሁ ይሙቅ፣ ልጆቻችሁ ይደጉላችሁ፣ የሠራችሁት ሁሉ ቀጥ ብሎ ይውጣ። ሮኬታችን የሚነሳ ዕለት ባሕሩ ዳር ከእናንተ ጋር እቆማለሁ። ሊትያ፣ ከጎኔ አትጥፊ። ቆጠራው ላይሰማኝ ይችላልና፣ ዜሮ ሲባል ትከሻዬን ነካ አድርጊኝ።